በማን ልክ የተሰፋ ከርነል?

ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ደሴ ላይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ነው የሚወርደው። ሰውየው ያው ነው፤ አየሩ ግን ሌላ ነው። ይህን ወሎዬ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኛም የምናውቀው ይመስለን ነበር። ባለፈው ክረምት ግን አንዲት ፍላሽ ይዘን ወርደን፣ ለአንዱ የተሰፋ ለሌላው እንደማይሆን ከአሮጌ ኮምፒውተር ተማርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍሉ ውስጥ 12 ፔንቲየም 4 ኮምፒውተሮች አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሰው «ይጣሉ» ሲላቸው የኖሩ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ስንት ተቋም ንብረቱን እንዳጣ የሚረሳ የለም። እነዚህን ግን የነካቸው አልነበረም። «እነዚህንማ ሌባም ናቃቸው» አሉን የንብረት ክፍሉ ጋሼ እየሳቁ።

እኛ ደግሞ ሳቁን ወደ ቁም ነገር ልንቀይረው አሰብን። ዊንዶውሱ ቢከብዳቸው ሊኑክስ ይቀላቸዋል ብለን ፍላሻችንን ሰክተን አስነሳን። ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ወጣ። በአማርኛ ቢመለስ እንዲህ ነው፦ ይህ ከርነል ኤክስ86-64 ሲፒዩ ይፈልጋል፤ ያገኘው ግን አይ686 ብቻ ነው። ማስነሳት አልተቻለም፤ እባክዎ ለሲፒዩዎ የሚስማማ ከርነል ይጠቀሙ።

«አብሽሩ» አሉን ጋሼ፣ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ይመስል።

ያን ቀን ባዶ እጃችንን ወደ ደሴ ወጣን። መንገዱን ሙሉ ያወራነው ግን ስለ አንድ ጥያቄ ነበር። «የሚስማማ» የሚባለውን የሚወስነው ማን ነው? ለአሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮች በሩን የዘጋው ማን ነው? መልሱን ፍለጋ ከኮምቦልቻ ሄልሲንኪ ድረስ ወሰደን። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋቢና ሱፍ

እኛ አገር «ሲፒዩ» ሲባል ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠውን ቆርቆሮ ሳጥን በሙሉ ማለታችን ነው። እውነተኛው ሲፒዩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው የብስኩት ቁራጭ የምታህል ነገር ናት። ይህች ነገር የምትሰማቸው ትእዛዞች ተቆጥረው የታወቁ ናቸው፤ ከነሱ ውጭ ብትለምናት አትሰማም። ከርነል የሚባለው ደግሞ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ነው። ፕሮግራም ሁሉ ራም ሲፈልግ፣ ዲስክ ሲፈልግ፣ ኪቦርድ ሲፈልግ የሚያስፈቅደው እሱን ነው። እሱ ራሱ ግን ከፕሮሰሰሩ ጋር በፕሮሰሰሩ ቋንቋ ካልተናገረ ከቦታው አይነሳም።

ችግሩ ቋንቋው በየትውልዱ ቃል መጨመሩ ነው። ኢንቴል 386ን በ1985 አወጣ፤ 486ን በ1989፤ ፔንቲየምን በ1993፤ ፔንቲየም ፕሮን በ1995። እያንዳንዱ ታላቁ የሚያውቀውን ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ ለ386 የተዘጋጀ ከርነል እንደ ጋቢ ነው፤ ትልቁም ትንሹም ይለብሰዋል፣ የማንንም ወገብ ግን አይዝም። ለፔንቲየም ፕሮ የተዘጋጀው እንደ ሱፍ ነው። ለባለቤቱ ቁጭ ይላል፤ አዳዲሶቹን ትእዛዞች እየተጠቀመ ይፈጥናል። 486 ላይ ግን አይገባም። «አይ686» የሚለው ስም የሚያመለክተው የፔንቲየም ፕሮን ትውልድና ተከታዮቹን ነው። ኤክስ86-64 ደግሞ ኤኤምዲ በ2003 ገበያ ላይ ያወጣው 64 ቢት ነው። የኮምቦልቻዎቹ ፔንቲየም 4 ከመሃል ቀሩ፤ ለአንዱ ዘመን አዲስ፣ ለሌላው አሮጌ።

«ያለኝ እሱ ብቻ ነው»

በጥር 1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ 386 ኮምፒውተር ገዛ። በነሐሴ 25 ቀን በዚያው ዓመት ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን ለዓለም አስታወቀ። መልእክቱ ትሕትና የበዛበት ነበር። ሥራው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ መሆኑን፣ ከ386 ውጭ ሌላ ማሽን ላይ እንደማይሄድ፣ እሱ ካለው ዓይነት ዲስክ ሌላም ምናልባት መቼም እንደማይደግፍ ጻፈ። ምክንያቱን አልደበቀም፤ ያለው እሱ ብቻ ነውና።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ ደስ ይለናል። ዛሬ ዓለምን የተሸከመው ከርነል ሲጀመር የተሰፋው በአንድ ተማሪ ጠረጴዛ ልክ ነበር። ክፋት የለበትም፤ ሰው መስፋት የሚጀምረው ራሱን ለክቶ ነው። እኛም ብንሆን በኖርን ልክ ነበር የምንሰፋው።

ግን ወዲያው ተቃዋሚ ተነሳበት። በጥር 1992 ሚኒክስን የጻፈው የአምስተርዳሙ ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም ሊኑክስን ገና ከመወለዱ ያረጀ ነው አለው። አንዱ ክሱ ከርነሉ ከአንድ የፕሮሰሰር ዘር ጋር ተጣብቋል የሚል ነበር። የ386 ዘር በጥቂት ዓመት ውስጥ ከገበያ እንደሚጠፋም ተነበየ። ትንቢቱ አልሠመረም፤ ያ ዘር ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ አሁንም አለ። ክሱ ግን እውነት ነበረበት።

መልሱ የመጣው በክርክር ሳይሆን በማሽን ነው። በ1994 የዲጂታል ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ጆን ሆል አልፋ የሚባል ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ለሊነስ እንዲደርሰው አደረገ። አልፋ የ386 ዘመድ አይደለም፤ ቋንቋው ፍጹም ሌላ ነው። ሊነስ እንግዲህ ኮዱን ለሁለት መክፈል ነበረበት፤ ለሁሉም ማሽን የሚሆነውን በአንድ ወገን፣ ለየማሽኑ የሚለየውን «አርች» በሚባል ፎልደር ሥር በየስሙ። በመጋቢት 1995 የወጣው 1.2 ቁጥር ከ386 ዘር ሌላ አልፋን፣ ስፓርክንና ሚፕስን ይዞ ብቅ አለ። እንደኛ አስተያየት የሊኑክስ ትልቁ ቀን ይህ ነው። ከርነሉ «ያለኝ እሱ ብቻ ነው» ከማለት «አንተስ ምን አለህ?» ወደ ማለት ተሻገረ።

መጠይቁ

ይህ ጥያቄ ምሳሌ አይደለም፤ በእውነት መጠይቅ ነው። የከርነሉን ሶርስ ኮድ አውርዶ «ሜክ ሜኑኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ የጻፈ ሰው ሰማያዊ ስክሪን ላይ የአማራጭ ዝርዝር ይመጣለታል። ፕሮሰሰርህ የትኛው ዘር ነው? ስንት ራም አለህ? የዲስክ መቆጣጠሪያህ ምንድን ነው? ለየጥያቄው መልሱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ከርነሉ ውስጥ ይግባ፣ ሲፈለግ የሚጫን ሞጁል ይሁን፣ ወይም ይቅር። መልሶችህ አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይቀመጣሉ። ከርነሉ በዚያ ፋይል መሠረት ኮምፓይል ሲደረግ በልክህ የተሰፋ ልብስ ይሆናል።

ብዙ ሰው ይህን መጠይቅ ዕድሜ ልኩን አያየውም፤ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ በሱ ፈንታ ሞልተውለታል። የተሞላውም ስለ አብዛኛው ተጠቃሚ ታስቦ ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ ግን ማን ነው? ምን ዓይነት ማሽን አለው? ልባሽ ጨርቅ የለበሰ ሰው ይገባዋል። ኮቱ ጥሩ ነው፣ ጨርቁም ጥሩ ነው፤ የተለካው ግን ሌላ ሰው ነው። እጅጌው ሲረዝም ወይ ትለምደዋለህ፣ ወይ ልብስ ሰፊ ጋ ትወስደዋለህ።

አረንጓዴዎቹ ላፕቶፖች

አንድ ጊዜ ግን ሊኑክስ ለእኛ አገር ልጆች ታስቦ ተሰፍቶ ነበር። የኤምአይቲው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የሚል ፕሮጀክት ይዞ ተነሳ። ዋጋው 100 ዶላር ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ሲመረት ወደ 200 ተጠጋ። አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላት፣ እንደ ጥንቸል ጆሮ ሁለት አንቴና የምታቆም ላፕቶፕ ናት። በሚሊኒየማችን ሰሞን፣ በ2008፣ ወደ 5,000 የሚጠጉት ኢትዮጵያ ገቡ፤ ሥራውን የያዘው በጀርመኑ ጂቲዜድ የሚታገዘው የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም ነበር። የአማርኛ ፊደል የታተመበት ኪቦርድም ተዘጋጅቶላቸዋል።

ውስጧ ያለው ፕሮሰሰር ኤኤምዲ ጂዮድ ኤልኤክስ ይባላል። ፍጥነቱ 433 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ 256 ሜጋባይት፣ ሃርድ ዲስክ የለም፤ በምትኩ 1 ጊጋባይት ፍላሽ። ኃይል ቆጣቢ ስለሆነ ተመረጠ እንጂ ፈጣን ስለሆነ አይደለም። መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት ፍጥነት ምን ይሠራል? መሐንዲሶቹ ከርነሉን ለዚህ ማሽን አስተካከሉት። በመጠይቁ የፕሮሰሰር ዝርዝር ውስጥ ጂዮድ በስሙ አለ፤ ላፕቶፗም ራሷን የቻለች አንድ ጥያቄ አላት። የኢትዮጵያ ተማሪ የያዘው ማሽን ስሙ በዓለሙ ከርነል ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ መራራውን እንስማ። ጂዮድ የፔንቲየም ፕሮን ትእዛዞች ያውቃል፤ አንድ ይጎድለዋል። የሚጎድለው ትእዛዝ «ረጅሙ ኖፕ» ይባላል። ኖፕ ማለት «ምንም አትሥራ» ማለት ነው። እውነታችንን ነው። ኮዱ በራም ላይ በተመቸ ቦታ እንዲያርፍ ክፍተቱን የሚሞላ፣ ሌላ ሥራ የሌለው ትእዛዝ ነው። ኢንቴል ከፔንቲየም ፕሮ ጀምሮ ቢያስገባውም ለዓመታት በይፋ መመሪያው ላይ አልጻፈውም። ኮምፓይለሮች ሲጠቀሙበት ግን፣ የማያውቀው ጂዮድ «ይህ ምን የሚሉት ትእዛዝ ነው?» ብሎ ይቆማል፤ ፕሮግራሙም ይወድቃል። ዴቢያን በሰኔ 2023 ባወጣው 12ኛ እትሙ ይህን ትእዛዝ ግዴታ አደረገ። ጂዮድም ከዝርዝሩ ወጣ። እስቲ ይታያችሁ፤ የአረንጓዴዎቹን ላፕቶፖች ፕሮሰሰር ከበር ያስቀረው ማድረግ ያቃተው ሥራ አይደለም። ምንም አለመሥራትን በአዲሱ ቃል መስማት ስላልቻለ ነው።

ኔግሮፖንቴና ጓደኞቹ በ2012 ደግሞ በሌላ መንገድ መጡ። ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ማንበብ ለማያውቁ የገጠር ልጆች በፀሐይ የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶች ሰጧቸው። በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ ተቆልፎ የነበረውን ካሜራ ከፈቱ፤ እንዳይቀየር የተደረገውንም ስክሪን እንደየምርጫቸው አደረጉት። የፕሮጀክቱ ሰዎች ይህን ሲናገሩ ዓለም ተገረመ። ያልተወራው ነገር እነዚያ ታብሌቶች ውስጥም ሊኑክስ ከርነል መኖሩ ነው፤ አንድሮይድ የቆመው በሱ ላይ ነውና። ፕሮሰሰሩ ግን አርም የሚባል ሌላ ዘር ነበር። ያ በአንድ 386 የጀመረ ከርነል በወንጪ ልጅ እጅ ላይ ሌላ ልብስ ለብሶ ተገኘ።

አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ

ታኅሣሥ 2012 በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገርም ወር ነው። በዚያ ወር የወጣው 3.7 ቁጥር አንድ ከርነል ብዙ ዓይነት አርም ማሽኖችን እንዲያስነሳ አስቻለ፤ ከዚያ በፊት ለየመሣሪያው ለየብቻ መስፋት ግድ ነበር። በዚያው ወር ኢንጎ ሞልናር የሚባለው አንጋፋ የከርነል ጸሐፊ 386ን የሚሰርዝ ለውጥ አቀረበ። ሊነስ በ1991 የገዛው 386 ከእንግዲህ አዲስ ሊኑክስ እንደማያስነሳ ሲጽፍለት እንባ ቢጤ ተናንቆት ነበር። ሊነስ ግን ናፍቆት እንደሌለበት ገልጾ ተቀበለው። ሊኑክስ የተወለደበት ማሽን ከሊኑክስ ቤት ወጣ።

ይህ ጭካኔ ነው? ስናነበው እንደዚያ መስሎን ነበር። ነገር ግን 386 ከ486 በኋላ የመጡት የሚያውቋቸው ጥቂት መሠረታዊ ትእዛዞች ስለሌሉት ጸሐፊዎቹ ለሱ ብቻ የተለየ ኮድ ሲንከባከቡ ኖረዋል። ማሽኑ ያለው፣ የሚሞክረው፣ ሲበላሽ የሚጮህለት ሰው ሲጠፋ ኮዱ ባለቤት ያጣ ቤት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ መጥበቡን ቀጠለ። ኡቡንቱ በ2017 የ32 ቢት ዴስክቶፕ ማዘጋጀት አቆመ። ፌዶራ በ2019 የ32 ቢት ከርነሉን ተወ። ዴቢያን በነሐሴ 2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለ32 ቢት ፒሲ መጫኛ አላዘጋጀም። በየውሳኔው ላይ የተሰጠው ምክንያት ይመሳሰላል፤ የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው፤ የሚንከባከበው ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

«የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ስናነብ የታዩን የኮምቦልቻ 12 ኮምፒውተሮች ናቸው። ጋሼ ንብረት ክፍል ውስጥ መኖራቸውን ማን ያውቃል? ማን ቆጠራቸው? እኛ ካልተናገርን ለውሳኔ ሰጪዎቹ የሉም ማለት ነው፤ ውሸታሞችም ልንላቸው አንችልም።

ሁለተኛው ጉዞ

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰን ወረድን፤ አሁን የዴቢያን 12ን የ32 ቢት እትም ይዘን። ፔንቲየም 4 ረጅሙን ኖፕ ስለሚያውቅ አልተኮሳተረም። ከሞቱት ማሽኖች ራም እየነቀልን ለሚተነፍሱት ሰጠን። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ተነሱ። የግዕዝ ፊደል ቅርጹን ከነ ኪቦርዱ ጫንን፤ ጋሼ በሁለት ጣት ስማቸውን ጻፉ።

እዚያ ላይ ብናበቃ ይበቃ ነበር፤ ግን አመል ሆነብንና የራሳችንን ከርነል ልንሰፋ ተቀመጥን። መጠይቁን በላፕቶፕ ከፈትን፤ የፕሮሰሰር ዘር የሚለው ላይ ፔንቲየም 4 መረጥን፤ የማያስፈልገውን ሁሉ በደስታ «ይቅር፣ ይቅር» አልን። የመጀመሪያው ከርነላችን ተነስቶ ወዲያው ደነገጠ፤ ዲስኩን ማግኘት አልቻለም። ለካ የዲስኩን ድራይቨር ሞጁል አድርገን ያስቀመጥነው ዲስኩ ላይ ነው! ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ከውጭ መዝጋት ይሏል ይሄ። ድራይቨሩን ከርነሉ ውስጥ አስገብተን እንደገና ሠራን፤ ተነሳ። እውነቱን ለመናገር የፕሮሰሰር ምርጫው ብቻውን ያመጣው ፍጥነት እምብዛም አልነበረም። ጥቅሙ ሌላ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሌሎች በሞሉት ቅጽ ነበር የምንኖረው። ያን ቀን ቅጹን አየነው፤ የሚሞላ ባዶ ቦታ እንዳለውም አወቅን።

ሁሉም ሰው ከርነል ይስፋ አንልም። ሁሉም ሰው ልብስ ሰፊ አይደለም፤ ነገር ግን ልብስ ሰፊ የሌለበት ከተማ ልባሹን እንዳገኘ ለብሶ ይኖራል። ደሴና ኮምቦልቻ የኮምፒውተር ተመራቂ አላጡም። ከነሱ ውስጥ ጥቂቶች ይህን መጠይቅ ቢከፍቱ፣ የእኛ ትምህርት ቤቶች ምን ማሽን እንዳላቸው ቢዘግቡ፣ አንዱ ፕሮሰሰር ከዝርዝር ሊወጣ ሲል «ቆይ፣ እኛ ጋ አለ፤ እኛ እንሞክረዋለን» ቢሉ ነገሩ ይለወጣል። ሶርስ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የጠፋው ጠያቂ ነው።

ሰባቱ ኮምፒውተሮች ከመስከረም ጀምሮ ተማሪ ይጠብቃሉ። መልሶቻችን ያሉበትን ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጠን ለጋሼ ሰጥተናቸዋል፤ ከንብረት መዝገቡ ጋር ቆልፈውበታል። እናንተም አልጋ ሥር የተቀመጠውን አሮጌ ኮምፒውተር ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ፕሮሰሰሩን እዩት። ስሙን ጻፉና ላኩልን፤ እኛ መቁጠር ጀምረናል።

ቸር እንሰንብት።